ዘይቱ ከላይ ነው ከታች?

እኔ በዚህች መጽሔት ላይ ብዙውን ጊዜ የምጽፈው ስለ ፈተናና ስለ ትምህርት ቤት ጉዳይ ስለሆነ፣ ዛሬ ስለ መኪና ሞተር ስጽፍ ስታገኙኝ «መምህሩ ደግሞ መቼ መካኒክ ሆነ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። መካኒክ አልሆንኩም። እንዲያውም የምጽፈው፣ ስለ ሞተር አውቃለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ በመናገሬ አንዲት እናታችንን 65,000 ሽልንግ ላስከፍላቸው ጥቂት ስለቀረኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ለዓይን ሕክምና የመንቀሳቀሻ ፈቃድ አግኝቼ ናይሮቢ ሄጄ ነበር። ያረፍኩት ኢስሊ፣ ሁላችንም እትዬ እያልን በምንጠራቸው እናት ቤት ነው። እትዬ እንጀራ ይጋግራሉ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስተው ጋግረው፣ ጠዋት ወደ ሀርሊንግሃምና ወደ ኪሊማኒ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ይልካሉ። የሚላከው በአንዲት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ነው። የ1990ዎቹ ሥሪት ናት፤ ቀለሟ ከመገርጣቱ የተነሳ ነጭ ትሁን ክሬም አይለይም። የእህታቸው ልጅ ይነዳታል። እሷ ከቆመች እንጀራው በታክሲ ይሄዳል፣ በታክሲ ከሄደ ደግሞ ትርፉ የታክሲው ነው።

ናይሮቢን የምታውቁ ቫሊ ሮድን ታውቃላችሁ፤ ከኡሁሩ ሀይዌይ ተነስቶ ወደ ንጎንግ ሮድ የሚወጣው ዳገት ነው። መኪናዋ ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች። ቫሊ ሮድ ስትደርስ ግን ትንቀጠቀጣለች፣ ጉልበቷ ያልቃል፣ ከኋላዋ ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል። ዝናብ ያደረ ዕለት ደግሞ ገና ስትነሳ ጀምራ ትንተፋተፋለች። ኖቬምበር ናይሮቢ ውስጥ አጭሩ ዝናብ የሚዘንብበት ወር ነው፣ ስለዚህ ዝናብ ያላደረበት ዕለት አልነበረም። የናይሮቢ መካኒኮች ይህን በሽታ «ኢናሚስ» ይሉታል። እኛ ሞተሩ ይቆራርጣል እንላለን።

ምን ማለት ነው? አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር አራት ሠራተኛ እንዳለው ቤት ነው። ተራ አላቸው፦ አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሁለተኛው፤ እንደገና አንደኛው። እያንዳንዱ ሞተሩ ሁለት ጊዜ በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ፣ በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል እንበል። ያኔ አንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 400 ጊዜ መተኮስ አለበት። ከአራቱ አንዱ ተራውን ካሳለፈ ሦስቱ እሱንም ተሸክመው ይሄዳሉ፤ መንቀጥቀጡ ከዚያ ይመጣል። እንዲተኩስ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ በልኩ የተደባለቀ ቤንዚንና አየር፣ በደንብ የታመቀ ሲሊንደር፣ በሰዓቱ የሚመጣ የእሳት ብልጭታ። ይህን ሁሉ የመምህራን ኮሌጅ ሳለሁ ተምሬዋለሁ፣ መጠለያውም ትምህርት ቤት ውስጥ ለብዙ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በሦስት ቀለም ጠመኔ ስዬ አስተምሬዋለሁ። የሚገርማችሁ ግን እስከዚያ ዓመት ድረስ ካንዴላ በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር።

(ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው። በፊዚክስ ደግሞ የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ነው። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይምታታባቸዋል፣ እኔም ሁልጊዜ እስቃለሁ። ወደ ነገሬ ልመለስ።)

እትዬ መኪናዋን አንድ ጋራዥ ወስደዋት ነበር። ስሙን አልጠቅስም። ጣሪያ ያለው፣ በሩ ላይ ዘበኛ የቆመበት፣ ደረሰኝ የሚሰጥ ጋራዥ ነው። መጀመሪያ አራቱንም ካንዴላ ቀየሩ። ሳምንት አልቆየም፣ ተመለሰባት። ቀጥለው የቤንዚን ፊልትሮ ቀየሩ። እንደገና ተመለሰባት። እስካሁን 9,000 ሽልንግ ወጥቷል። በሦስተኛው እኔንም አስከትለው ሄዱ፤ «መምህር፣ እርስዎ እንግሊዝኛውንም ሳይንሱንም ያውቃሉ፣ ምን እንደሚሉኝ ይስሙልኝ» ብለው። ሰውዬው ካንዴላዎቹን ፈታና አንዱን አሳየን። ዘይት በዘይት ነው። «ሞተሩ ዘይት እየጠጣ ነው፣ የፒስተን ሪንግ አልቋል፤ ሞተሩ ወርዶ ይፈታል፣ 65,000» አለ።

እትዬ ዞረው አዩኝ። እኔ ካንዴላውን ተቀብዬ፣ መነጽሬን አስተካክዬ፣ አዎ አልኩ። ሪንግ ሲያልቅ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል ይወጣል፣ ካንዴላውን ያርሰዋል፣ ብልጭታው ይጠፋል፤ መጽሐፉ የሚለው ይህንኑ ነው ብዬ በአማርኛ አብራራሁላቸው። እትዬ ከኔ አፍ ከሰሙ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። እቁባቸው በዚያው ሳምንት ወጥቶላቸው 70,000 ሽልንግ ቤት ነበር። ያ ገንዘብ የልጃቸው የጃንዋሪ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። «መኪናዋ ካልሠራች ለኤፕሪሉም አይኖርም» አሉና ሐሙስ ሊያስረክቧት ተስማሙ።

ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ ወርዶ ነበርና መኪናዋ ከግቢ ሳትወጣ ቆመች። የእህታቸው ልጅ «ገፍቶ የሚያስነሳ ሰው ላምጣ» ብሎ ሄደና አንድ ወጣት ይዞ መጣ። ከታች መንገዱ ዳር፣ ሜዳ ላይ ከሚሠሩት መካኒኮች አንዱ ነው። ኬንያውያን እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ጁዋ ካሊ ይሉታል፣ «ኃይለኛ ፀሐይ» ማለት ነው፤ ጣሪያ ስለሌላቸው። የሚገርመው የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ኬንያ ያወጣው ሪፖርት ነው ኢመደበኛ ዘርፍ የሚባለውን አነጋገር በዓለም ያሰራጨው፤ ነገሩ ከእነዚሁ ሰዎች ዓይነት የተነሳ ነው። ለካ እትዬ ልጁን ያውቁት ኖሯል፣ እዚያው ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ቀድሞም ለሱ ሊያሳዩት አስበው «መምህር፣ ምን ይላሉ?» ሲሉኝ «ለሞተርማ ደህና ጋራዥ ይሻላል» ያልኩት እኔ ነኝ።

ልጁ ሲያየኝ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ቲቸር!» አለ። ተማሪዬ ነበር። እኔ ፊቱ እንጂ ስሙ አልመጣልኝም።

መኪናዋን ለመግፋት ቀርቶ ኮፈኑን ከፈተና መጠየቅ ጀመረ። መቼ ነው የሚቆራርጣት? ዝናብ ሲሆን ይብሳል? ዳገት ላይ ይብሳል? ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል? በስንት ጊዜ ዘይት ይጨመርላታል? የእህታቸው ልጅ መለሰ፦ ጭስ የለም፣ ዘይት ከሰርቪስ እስከ ሰርቪስ ትንሽ ቢጨመር ነው። እኔ ይህን አንዱንም አልጠየቅኩም ነበር። ሪንጓ ያለቀ መኪና በሰማያዊ ጭስ ሰፈር ታስለቅሳለች፤ ያንንም መጽሐፉ ይለዋል፣ ግን ሌላ ገጽ ላይ ነው።

ገመዶቹን ጠራርጎ ካደረቃቸው በኋላ ሞተሩ እንደምንም ተነሳ፤ ይንቀጠቀጣል። አጠፋው። የአንደኛውን ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ነቅሎ በላስቲክ በተለበጠ ፒንሳ ከብረቱ ጋር አገናኘው፣ አስነሳው፤ ሞተሩ ባሰበት። አጥፍቶ መለሰው። ሁለተኛውን እንዲሁ አደረገ፣ ባሰበት። ሦስተኛውን ሲነቅለው ምንም ለውጥ የለም፤ ያው መንቀጥቀጥ ነው። አራተኛው ሲነቀል ባሰበት። «ሦስተኛው ነው የሞተው» አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሚሠራውን ሠራተኛ ብታስቀር ቤቱ ይጎድላል፣ የማይሠራውን ብታስቀር ማንም አያውቅም። አንዳንዶች ሞተሩ እየሠራ ገመዱን በእጃቸው ይነቅላሉ። በዚያ ገመድ የሚያልፈው ከአሥር ሺህ ቮልት በላይ ነውና አታድርጉት፤ እሱም ልጅ ሆኖ አንዴ አድርጎት ክንዱ እስከ ማታ ደንዝዞ እንደዋለ ነገረኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በዚህ ሞተር ካንዴላው የሚቀመጠው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ገመዱ ጫፉ ላይ ረጅም የላስቲክ ቆብ አለው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ካንዴላውን ይጨብጣል። ልጁ በባትሪ መብራት ሦስተኛውን ጉድጓድ አየና «ቲቸር፣ ይዩ» አለኝ። ከታች ዘይት ተኝቷል። እኔ በደስታ «ያው ነው፣ ሪንግ ነው!» አልኩ። ምንም አልመለሰልኝም። በሽቦ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ ዘይቱን እየነከረ፣ እየነከረ አወጣው። ጨርቁን ሦስት ጊዜ ቀየረ። ጉድጓዱ ከደረቀ በኋላ ነው ካንዴላውን የፈታው።

መዳፉ ላይ አስቀምጦ አሳየኝ። ላይኛው ግማሽ፣ ነጩ ሸክላ ያለበት፣ በዘይት ጠቁሯል። ታችኛው ጫፍ፣ እሳቱ የሚነሳበት፣ ከቤንዚን ብቻ ነው የረጠበው፤ ጠርጎ ሲያሳየኝ ቡናማ ነው፣ የጤነኛ ካንዴላ ቀለም። «ቲቸር፣ ዘይቱ ከላይ ነው ከታች?» አለኝ።

ከላይ ነው። ከሪንግ የሚመጣ ዘይት ከታች ነው የሚመጣው፣ ካንዴላውን የሚያገኘው በጫፉ በኩል ነው። ይህ ግን የመጣው ከሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው። ክዳኑ ሥር ያለው ጋስኬት ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ዘይቱም በዚያ ሰርጎ ጉድጓዱ ውስጥ ተጠራቅሟል። ታዲያ ጋራዡ ያሳየን ካንዴላ ጫፉ ድረስ ዘይት የሆነው ለምንድን ነው? ጉድጓዱን ሳያደርቁ ስለፈቱት ነዋ። ካንዴላው ሲላቀቅ ላዩ ላይ የተኛው ዘይት ወደ ታች ይፈስና ሁሉንም ያለብሰዋል። ሰውዬው ዋሽቶናል ማለቴ አይደለም፤ ራሱም ያየውን አምኖ ይሆናል። እኔም አምኜዋለሁ።

ልጁ ለእርግጠኝነት ብሎ ከጓደኛው የእመቃ መለኪያ ተዋሰ። አራቱንም ካንዴላ አውጥቶ፣ ቤንዚኑንና እሳቱን አቋርጦ፣ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው አስረግጦ ሞተሩን በማስነሻው አሽከረከረው። 150፣ 145፣ 150፣ 150። ሪንግ ያለቀበት ሲሊንደር እንዲህ ከወንድሞቹ እኩል አይቆምም። ወርዶ ቢገኝ ደግሞ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለካሉ፤ ከፍ ካለ ሪንጉ ነው፣ ካላለ ቫልቩን ይጠረጥራሉ። የመኪናዋ መጽሐፍ ከዚህ ከፍ ያለ ቁጥር ይጽፋል፣ ግን ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ይህንን እኔ ነኝ የነገርኩት፣ እሱ አያውቅም ነበር። እውነቱን ልናገርና በዚያ ጠዋት የጠቀምኩት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

ከዚያ የካንዴላውን ሸክላ በጣቱ ጠረገና ጸጉር የምታክል ጥቁር መስመር አሳየኝ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በእርሳስ የተሰመረች ይመስላል። የላስቲኩ ቆብ ውስጥም ተመሳሳይ መስመር አለ፣ ላስቲኩም በዘይት አብጦ ተሰንጥቋል። እሳቱ በዚያች መስመር እየሾለከ ወደ ብረቱ ይሄዳል፣ ወደ ጫፉ አይደርስም። መስመሯ ካርቦን ናት። የእርሳስ ውስጡም ካርቦን ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ይህን ለስምንተኛ ክፍል በባትሪና በአምፖል በየዓመቱ አሳያለሁ።

«ግን ቲቸር» አለኝ እጁን እየጠረገ፣ «አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሜዳ ላይ እሺ ብላ ሄዳ ዳገት ላይ የምትሞተው ለምንድን ነው? ሁልጊዜ እንደዚያ እንደሆነ አውቃለሁ። ለምን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።»

ይህን ጥያቄ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሃያ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩ ነው የመሰለኝ። መሬት ላይ በእንጨት ሳልኩለት። ዳገት ላይ ፔዳሉ ሲረገጥ ወደ ሲሊንደሩ ብዙ አየርና ቤንዚን ይገባል፣ ሲታመቅም ይበልጥ ይጠቀጠቃል። በጠቀጠቀው አየር መሃል ለመዝለል ብልጭታው ብዙ ቮልት ይፈልጋል። ቮልቱ ከፍ ሲል ደግሞ ኤሌክትሪክ እንደ ውኃ ነው፣ የሚቀለውን መንገድ ይፈልጋል፤ በጫፉ ከመዝለል በተሰነጠቀው ላስቲክ መሹለክ ይቀለዋል። ሜዳ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ በጫፉ መዝለሉ አይከብደውም። ዝናብ ሲሆንም እርጥበቱ ሌላ የማምለጫ መንገድ ይሆንለታል። ልጁ ዝም ብሎ ሰማኝ። «ለካ ለዚህ ነው ጋራዥ ሲደርሱ ጤነኛ የሚመስሉት» አለ።

ከዚያ ሳቅ አለና «ያኔ እንዲህ ቢያስረዱኝ ኖሮ አራት ከሃያ አላገኝም ነበር» አለኝ።

አራት ከሃያ የሰጠሁት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ጥያቄው «የባለ አራት ምት ሞተርን ሥዕል ሥራና ክፍሎቹን በእንግሊዝኛ ጻፍ» የሚል ነበር። እኔ አላስታውስም፣ እሱ ያስታውሳል። ሥዕሉን ሠርቶ ስሞቹን መጻፍ አቅቶት እንደነበር ነገረኝ። በዚያው ዓመት ትምህርቱን ትቶ ወጣ። በቂም አልነበረም ያወራኝ፣ ጭራሽ እትዬ ያመጡልንን ሻይ እየጠጣ ነው። ለኔ ግን ሻዩ አልወርድልህ አለኝ።

ዕቃውን ለመግዛት አብረን ኪሪንያጋ ሮድ ሄድን። ከግሎብ ሲኒማ አደባባይ አጠገብ ያለው፣ የድሮ ስሙ ግሮጋን ሮድ የሆነው መንገድ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የመኪና መለዋወጫ ነው። እዚያ የማይገኝ ዕቃ የለም ይባላል፣ አስመስለው የሠሩትም አለ። ኬንያ ይህንን የሚከለክል ሕግ እ.ኤ.አ. በ2008 አውጥታለች፣ ቢሆንም ገዢው ዓይኑን መክፈቱ አይቀርም። ልጁ ካንዴላ ሲገዛ ማሸጊያውን አያምንም፤ ሸክላው ላይ ያለውን ጽሕፈት በጥፍሩ ይፍቃል፣ ጥርሱን ይቆጥራል፣ የጫፉ ክፍተት ቀጥ ማለቱን ወደ ፀሐይ አንስቶ ያያል። ለአብዛኛው መኪና ክፍተቱ ከ0.8 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ የየመኪናውን መጽሐፍ ማየት ነው። ገመዶቹንም በመለኪያ ለካቸው። የቶዮታ ገመድ ከ25 ሺህ ኦም በላይ ካሳየ ይጣላል። የእትዬ ሦስተኛው ገመድ መርፌውን ጨርሶ አላነቃነቀውም።

ካንዴላ ማንበብን በተመለከተ አንድ ነገር ላክል። እኔ የተማርኩበት መጽሐፍ ካንዴላ ላይ ስለሚጋገር የእርሳስ ዝቃጭ ብዙ ያወራ ነበር። ያ ድሮ ቀርቷል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2006 መግቢያ ላይ ቆሟል፣ ከዓለም ጨርሶ የጠፋው ደግሞ በ2021 ነው፤ ዘመቻውን የመራው እዚያው ናይሮቢ ጊጊሪ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ነው። የቀረው ንባብ ግን ዛሬም ያው ነው። ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየር ማጣሪያው ታፍኗል፤ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ሙቀት በዝቶበታል ወይም ቤንዚን አንሶታል፤ ቤንዚን ካራሰው እሳት አላገኘም።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። የክዳኑ ጋስኬት ከጉድጓዶቹ ማተሚያ ጋር 1,800፣ የገመዶቹ ስብስብ 2,500፣ አንድ ካንዴላ 350፣ የእጅ ዋጋ 1,500። በጠቅላላው 6,150 ሽልንግ። የቀሩት ሦስት ካንዴላዎች አዲስ ስለነበሩ ተጠርገው ተመለሱ። ሥራው ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ሳይመሽ አለቀ። ክዳኑ ሲታሰር ብሎኖቹን ከመሃል ወደ ዳር ተራ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት ነው ያጠበቃቸው፤ አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ክዳኑን ያጣምመዋል፣ ዘይቱም ይመለሳል።

በማግሥቱ እንጀራውን ጭነን እኔም ከኋላ ተቀምጬ ሄድኩ። ቫሊ ሮድ ላይ የእህታቸው ልጅ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ይዞ ፔዳሉን ረገጠው። ማንም አልተናገረም። ጫፍ ስንደርስ ነው እትዬ «ተመስገን» ያሉት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሳይዞሩ «መምህር፣ እርስዎ ሪንግ ነው ብለውኝ ነበር እኮ» አሉኝ። «አዎ፣ ብዬ ነበር» አልኩ። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

እዚህ መጠለያ ውስጥ መኪና ያለን ጥቂቶች ነን፣ ጄኔሬተርና ሞተር ብስክሌት ያላችሁ ግን ብዙ ናችሁ። የናንተ ሞተር አንድ ሲሊንደር ነው፤ እሱ ካልተኮሰ የሚሸከመው ወንድም የለውም፣ ወይ እየተንተፋተፈ ይሄዳል ወይ ይጠፋል። እኛ ጋ ዋናው ጠላት ዝናብ ሳይሆን አቧራ ነው። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ሲል ወደ ሱቅ ከመሮጣችሁ በፊት የአየር ማጣሪያውን አውጥታችሁ እዩት፣ ካንዴላውን ከመፍታታችሁ በፊት ደግሞ ዙሪያውን ጥረጉ፤ አለዚያ አሸዋው ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ እናንተም እንደኔ ያላያችሁትን ታምናላችሁ። ሞተሩ እየሠራ ወይም እንደጋለ ቤንዚን አትጨምሩ፣ ሕፃናትንም አርቁ።

የፈተናውን ጥያቄ ቀይሬዋለሁ። አሁን ተማሪው ሥዕሉን በእንግሊዝኛ መሰየም ካቃተው በአማርኛ ወይም በስዋሂሊ ይጽፋል፣ ከዚያም ሁለት ካንዴላ እሰጠውና የቱ ታሞ እንደነበር ይነግረኛል። ካንዴላዎቹን ያገኘሁት ከልጁ ነው፤ ልሰናበተው ስሄድ ስድስት ያረጁ ካንዴላዎች በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። አንዱ የእትዬ ሦስተኛው ነው፣ ጥቁሯ መስመር እስካሁን ትታያለች። በትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ስላሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መጥቶ ማየት የሚፈልግ ይምጣ፣ ወላጆችም ብትሆኑ። ባለፈው ቅዳሜ ስቆጥራቸው አምስት ብቻ ናቸው። ወስዶ የረሳ ካለ ይመልስልን፤ ለጄኔሬተሩ አስቦ ከሆነም አይሠራለትም።